ሰሌዳው ጋ ያልነፋሁት ጡሩምባ

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም፣ ለልጆቼም አልነገርኳቸውም። የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁም። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ አንድ ጊዜ በሰው ሰርግ ላይ የሙሽራውን ጫማ መደበቄን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። በጫማው ስቀው ነው የፈቱኝ። ትንንሹን ኃጢአት እየቆነጠርኩ አቀርብላቸውና ትልቁን ከጋቢዬ ሥር እንደያዝኩ ውልቅ እላለሁ።

አሁን ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ጥርሴ ካለቀ ቆይቷል፤ ጉልበቴም መንበርከኩን ትቶ ማጉረምረም ጀምሯል። ምላሴ ብቻ እንደ ጎረምሳ ናት። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ዛሬ እርስዎ ይስሙኝ። እርስዎን የመረጥኩበትም ምክንያት አለኝ፦ ፊትዎን አላየውም። የሰው ፊት ካየሁ ማሳቅ ያምረኛል፣ ካሳቅሁ ደግሞ አመለጥኩ ማለት ነው። እስካሁን ያመለጥኩትም እንዲሁ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ አንዲት ወጣት ናት። ባለፈው ወር የከተማውን ባቡር ተሳፍሬ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ፣ ሐዲዱ የመኪና መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ስንደርስ ባቡሩ ጮኸ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስልክ ታወራ ነበርና ተናደደች።

«ኡፍ! አሁን ምን ያስጮኸዋል? መኪናው ሁሉ ቆሞለት የለ እንዴ!»

ሳልጠየቅ መመለስ ልማዴ ነው።

«ልጄ፣ ባቡር መሪ የለውም» አልኳት። «መኪና ሰው ሲያይ ይታጠፋል፤ ባቡር ወዴት ይታጠፋል? ፍሬን ቢይዝም የሚቆመው ካለፈ በኋላ ነው። ለሰው የሚያዝንበት አንድ ነገር ቢኖረው ድምፁ ነው። ደግሞ ሰው አይቶ አይደለም የሚነፋው። መንገዱ ባዶ ቢመስልም ይነፋል። ጡሩምባው ላዩት ሰው አይደለም፣ ላላዩት ሰው ነው።»

«እንዴ አባባ! ባቡር ይነዱ ነበር እንዴ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት!» አልኳት፣ ያለችኝን ደረት ነፍቼ።

«አንድ ቀን እንኳ ረስተውት አያውቁም? ሳይነፉ ያለፉበት ቀን የለም?»

«አንድም ቀን!»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ግን የመውረጃዬን ጣቢያ አልፌ፣ እስከ መጨረሻው ሄጄ፣ ዘመዴንም ሳልጠይቅ ተመለስኩ። አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም፤ ይህ እውነት ነው። ያን ቀንም አልረሳሁም። እያወቅሁ ነው የተውኩት።

እንግዲህ ልንገርዎ። ነገሩ የሆነው በድሮው ባቡር ዘመን ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልፎታል። እኔ ሊቶሪና የምንላትን ባለ አንድ ፉርጎ የመንገደኛ ባቡር እነዳ ነበር። ሊቶሪና ረዳት አታስፈልጋትም፤ ሹፌሩ ብቻውን ከፊት ይቀመጣል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ስሙን መጥራት የማልወደው ቦታ፣ ሐዲዱ የገበሬ መንገድ ያቋርጣል። ከመሻገሪያው በፊት ሐዲዱ አንዲት ኮረብታ ዞሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሹፌሩ መንገዱን አያይም፣ መንገደኛውም ባቡሩን አያይም። ባቡሩ ኮረብታዋ ጋ ሳይደርስ አንድ ነጭ ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳው ጋ ስትደርስ ጡሩምባህን ትነፋለህ፤ ሕጉ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። የመሻገሪያው ዘበኛ ድምፁን ሲሰማ ከጎጆው ወጥቶ መንገዱ ላይ ሰንሰለት ይዘረጋል። ሰዓት አይቶ እንዳይዘረጋ ባቡራችን ሰዓት የሚያውቅ ዓይነት አልነበረም። ጎጆው ውስጥ ስልክ የለም። በመንገደኛውና በሞት መካከል የነበረው የእኔ ጡሩምባ ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የተውኩት።

ዘበኛው አንጁሎ ይባላል። የጋሞ ሰው ነው፤ የሸማኔ ልጅ፣ ራሱም ሸማኔ። የዘበኝነት ደሞዝ ስለማትበቃው ከጎጆው ጎን ጉድጓድ ቆፍሮ የሽመና ዕቃውን ተክሎ ነበር። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። ጡሩምባ ሲሰማ ዘሎ ይወጣል። እኔ ሳልፍ ሁልጊዜ ሰንሰለቱን ዘርግቶ፣ ባንዲራውን ይዞ፣ አንገቱ ላይ ክር እንደ ማተብ ተንጠልጥሎበት ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የማገኘው። አንድም ቀን ተቀምጦ አላገኘሁትም።

ይኼ ነገር አናደደኝ። ለምን? እኔ እንጃ። እኔ ሥራዬን በግማሽ ልብ የምሠራ፣ ዩኒፎርሜ ቁልፉ የጎደለ፣ አለቆቼን በማሳቅ የምኖር ሰው ነበርኩ። እሱ ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ሁለቱንም በደንብ። ለዚህ ይሆን?

ጣቢያው ከመሻገሪያው ሩቅ ስላልነበረ፣ ሊቶሪናዋ ስታርፍ አብረን ምሳ እንበላ ነበር። ጓደኛዬ ነበር። ይህን ቃል ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆማለች፤ ቢሆንም ጓደኛዬ ነበር።

«አንድ ቀን» እለዋለሁ፣ «እግርህ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ነው የምይዝህ።»

«አንተ?» ይላል እየሳቀ። «የአንተን ጡሩምባ የአገሩ አህያ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ እጥር፣ ከዚያ ርዝም ታደርገዋለህ። ከሩቅ ሰምቼ፣ ክሬን ቋጥሬ፣ እጄን ታጥቤ ነው የምጠብቅህ።»

«ለመሆኑ አንተ ዘበኛ ነህ ሸማኔ?»

«አንተስ ሹፌር ነህ የእድር ጡሩምባ ነፊ?»

አብረውን የሚበሉት ሁሉ በሳቅ ይወድቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ግን የእሱ ቀልድ ከእኔ ቀልድ መብለጧ ሆዴ ውስጥ ትቀራለች። «ሸማኔ» ስለውም እንዲያው ለጨዋታ ነበር ብል ደስ ባለኝ። በዚያን ጊዜ ሰው ይህን ቃል አፍንጫውን ነፍቶ ነበር የሚናገረው። እኔም እላዩ ላይ ሳቅ ነሰነስኩበት እንጂ ሥሩ ያው ንቀት ነበር። እዚህ ደርሼ ልዋሽ?

ቀኑ የገበያ ቀን አልነበረም። ረፋድ ላይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ሊቶሪናዋ ውስጥ ሰው ይጫወታል። ሰሌዳው ከሩቅ ብቅ አለ። እጄን ወደ ጡሩምባው ላክሁ። ነካሁት። ከዚያ እጄን መለስኩ።

ሐሳብህ ምን ነበር ይበሉኝ። ሐሳቤ ድምፄን አጥፍቼ ኮረብታዋን ዞሬ፣ ጎጆው በር ላይ ስደርስ ባለ በሌለ ኃይሌ ልነፋበት ነው። አንጁሎ ክር ተጠምጥሞበት ከጉድጓዱ ሲዘል አይቼ፣ ለወር የሚበቃኝን ሳቅ ልሰንቅ ነው። ፍጥነቷንም ትንሽ ቀነስኩ። የቀነስኩት ለሰው አስቤ እንዳይመስልዎ፤ የአንጁሎን ፊት በደንብ ለማየት ነው።

አልነፋሁም። ደግሜ ልጻፈው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳልለው የኖርኩ ቃል ነውና። ሰሌዳው ጋ ደረስኩ፣ ሰሌዳውን አየሁ፣ ሰሌዳውን አለፍኩ፣ ጡሩምባውን አልነፋሁም።

ኮረብታዋን ስዞር እየሳቅሁ ነበር። ብቻዬን፣ አፌን ከፍቼ።

ሐዲዱ ላይ አንድ ገበሬ ነበር። ጭድ የጫኑ ሁለት አህዮች ይነዳል። አንደኛዋ ተሻግራለች፤ ሁለተኛዋ ሐዲዱ መሐል አልንቀሳቀስ ብላ ከኋላዋ ይገፋታል። ፍሬኑን ያዝኩ። ያኔ ነፋሁ። እጥርም ርዝምም አልነበረም፣ ዝም ብሎ ጩኸት ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። ሳቁ ገና ከፊቴ አልወረደም ነበር። ድንጋጤ ከሳቅ ይዘገያል፤ ይህን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ያ ሰው በዚህ ዓለም ላይ መጨረሻ ያየው ነገር የሚስቅ የእኔን ፊት ነው። ይህን በየትኛው ኑዛዜ፣ ምን ብዬ ልናገረው?

ሊቶሪናዋ ስትቆም አንጁሎ ከሐዲዱ አጠገብ ቆሟል። አንገቱ ላይ ክር አለ። ባንዲራውን አልያዘም። ሰንሰለቱ መሬት ላይ እንደተጠቀለለ ነው።

የሟቹን ስም ያወቅሁት በምርመራው ቀን ነው። ቱሉ ይባል ነበር። ሚስትና ልጆች ነበሩት። ቤታቸው ሄጄ አላውቅም። ስንት ጊዜ በበራቸው በኩል በባቡር አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ወርጄ አላውቅም።

ምርመራው ላይ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሁለት ተሳፋሪዎች ቀረቡ። «ጡሩምባ ሰምተናል» ብለው መሰከሩ። አልዋሹም፣ ሰምተዋል። የት ጋ እንደሰሙ ግን የጠየቃቸው የለም። ከዚያ እኔ ቀረብኩ። «ሰሌዳው ጋ ነፍተሃል?» አሉኝ። «እንደ ወትሮው» አልኩ። አዩልኝ፣ ውሸት ለመናገር እንኳ ወኔ አጥቼ ቃሉን በዙሪያው ዞርኩት! ቀጥሎ አንጁሎን ጠየቁት።

«እኔ የሰማሁት ጎጆዬ በር ላይ ሲደርስ ነው» አለ። «ሰሌዳው ጋ አልሰማሁም።»

«ምን እየሠራህ ነበር?»

«እየሸመንኩ ነበር።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በቃ፣ ነገሩ ለእነሱ አለቀ። ሸማኔ ነው፤ ልቡም ጆሮውም ክሩ ላይ ነበር። ምርመራ የሚባለው ነገር ከዚያ በኋላ ወረቀት መጻፍ ብቻ ሆነ።

አንጁሎ ግን ወደ እኔ ዞረ። ሊያጋልጠኝ አልነበረም። ዓይኑን አይቼዋለሁ፣ ሊያጋልጠኝ አልነበረም። እኔን የጠየቀኝ ማወቅ ስለፈለገ፣ እኔም ጓደኛው ስለሆንኩ ነው።

«ጌታነህ፣ ሰሌዳው ጋ ነፍተሃል?»

«ነፍቻለሁ» አልኩት።

 ከዚያ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነ፣ ገለጠ፤ ደግሞ ሸፈነ፣ ገለጠ። እንደተበላሸ ዕቃ ይሞክረው ነበር።

«እንግዲያ ጆሮዬ ነው» አለ።

ተፈርዶበት ሦስት ዓመት ታሰረ። እኔ ስለደነገጥኩ ተብሎ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ተሰጠኝ።

ለምን አልተናገርክም ይሉኝ ይሆናል። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር። እውነት ነው፣ ነበረች። የአንጁሎም ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጁ ተስፋዬ የተወለደው አባቱ እስር ቤት ሳለ ነው። ስለዚህ ይቺን ምክንያት እዚሁ ልተዋት። እስር ፈራሁ። ከእስር ደግሞ የበለጠ የፈራሁት ነገር አለ፣ እሱን ስናገር ያሳፍረኛል፦ ሰዎች «በቀልዱ ሰው ገደለ» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ማን በቀልዴ ይስቅልኛል? አዎ፣ ለዚህ ነው። በዚህች ሚዛን ነው የአንድ ሰው ዕድሜ የተመዘነው።

ዓመታት አለፉ። የድሮው ባቡር ቆመ፤ እኔም ጡረታ ወጥቼ ጉለሌ አባቴ ያወረሰኝ ቤት ውስጥ ተከተትኩ። የእንጦጦ ብርድ ሽማግሌ ይወዳል። አንድ ቀን ጋቢ ልገዛ ታክሲ ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ከሱቆቹ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ፣ ሸማኔዎቹ በሚሠሩበት በኩል ሳልፍ አንድ ድምፅ አስቆመኝ። የሌሎቹ መወርወሪያ ሳያቋርጥ ይሄዳል። የአንደኛው ግን ትንሽ ይሄድና ዝም ይላል፤ ትንሽ ይሄድና ዝም። አንገቴን አስግጌ አየሁ። አንድ ሽበታም ሸማኔ አሥር ጊዜ ይወረውራል፣ ይቆማል፣ ቀና ይላል፣ ጆሮውን ወደ በሩ ያዘነብላል፣ ያዳምጣል። ከዚያ ይቀጥላል። ሽሮ ሜዳ ባቡር አያልፍም። አልፎም አያውቅም።

አንጁሎ ነበር።

ልሸሽ ነበር። ግን አየኝ። ከጉድጓዱ እየተንፏቀቀ ወጣና አቀፈኝ፤ እንባው ጉንጬ ላይ ነካኝ። ከዚያ ያደረገውን ልንገርዎ። ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ያዘ።

«ጌታነህ ወንድሜ፣ ስፈልግህ ነው የኖርኩት። በእኔ ስንፍና የሰው ደም ነካህ። የነፋኸውን ሳልሰማ ቀርቼ ነፍስህን አቆሸሽኩብህ። ይቅር በለኝ።»

እኔ ምን አልኩ? ያኔ ልናገር የሚገባኝ ሰዓት ነበር። ከዚያ የተሻለ ሰዓት እግዚአብሔርም አይሰጥ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት።

ይቅር አልኩት! እኔ ገዳዩ፣ እኔ ዋሾው፣ እጄን ትከሻው ላይ ጭኜ እንደ ጳጳስ ይቅር አልኩት። ጋቢውንም በነፃ ሰጠኝ። ይህን የምጽፈው ያንን ጋቢ ለብሼ ነው። በጣም ይሞቃል።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሄድ ነበር። ልነግረው ነው እያልኩ እሄዳለሁ። አፌን ስከፍት ቀልድ ይወጣል፣ አንጁሎ ይስቃል፣ እኔ እመለሳለሁ። ተስፋዬ አንድ ቀን በር ድረስ ሲሸኘኝ፣ «ጋሼ፣ አባቴ የሚስቀው እርስዎ ሲመጡ ብቻ ነው። እባክዎ አይቅሩብን» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው በሩ ላይ ይሞት ነበር። እኔ ግን ደህና እራት በላሁ።

አሁን አንጁሎ ታሟል። ካልጋ አይነሳም፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት መልሰውታል። ትናንት ስሄድ ተስፋዬ ጎትቶ ወደ ውጭ አወጣኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይምከሩት። ቄሱ ሊያቆርቡት መጥተው እምቢ አላቸው። 'ቀኖናህን ከጨረስክ ስንት ዓመትህ' ቢሉት፣ 'ሰው ያጠፋሁ ሰው ነኝ፣ እንዴት አድርጌ እቀበላለሁ' ይላል። እርስዎ ካሉት ይሰማል።»

«እሺ» አልኩት። መቼስ እሺ ማለት አይከብደኝም።

ተስፋዬ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ሸማኔ ነው። መወርወሪያውን አሥር ጊዜ ወረወረ። ቆመ። ቀና አለ። ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ።

«ምን ትሰማለህ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ ጋሼ!» አለና ሳቀ። «አባቴ ሲያስተምረኝ እንዲህ ብሎ ነው፤ አሥር ወርውር፣ ቀና በል፣ አዳምጥ። የሽመና ሕግ መስሎኝ ነበር እኮ። ሌሎቹ ሲስቁብኝ ነው የነቃሁት። አሁን ልተወው ብል እጄ እምቢ ይለኛል።»

ቤቴ ገብቼ አላለቀስኩም። ለቅሶ ደህና ሰው ያስመስላል። ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ በኩል የታክሲ ረዳቱ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። አንድ ሰው የጎደለው እኔን ይመስለኛል። በአፌ የማልችለውን በብዕር ይኸው ጨረስኩት። ሁለት ቦታ ገልብጬዋለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ ነው፣ አንባቢዬ። የቱሉ ልጆች በሕይወት ካሉና ይህ እጃቸው ከገባ፣ አባታችሁን የገደለው ዘበኛው አይደለም። እኔ ነኝ። ለምታደርጉኝ ሁሉ ጉለሌ አለሁ።

ሁለተኛው የተስፋዬ ነው።

ተስፋዬ፣ ይህን ወረቀት ከአባትህ አልጋ አጠገብ ተቀምጠህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት። ቄሱ ሳይመጡ አንብብለት። እየሳቅሁ ነበር የሚለው ቦታ ስትደርስ እንዳትዘለው፤ ለእኔ አዝነህ ቶሎ ቶሎ እንዳታነበው። እኔ ደጃችሁ ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ከጠራኝ እገባለሁ። ካልጠራኝ ጋቢውን አጥፌ ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ። ይቅር በለኝ አልለውም፤ ያላጠፋውን ይቅር ያልኩት ቀን ያንን ቃል አርክሼዋለሁ።

አንተም ከዛሬ ጀምሮ ስትሸምን ቀና አትበል። እንደ ሌሎቹ ዝም ብለህ ወርውር። አባትህ ሳይሰማ የቀረ ነገር የለም። ጆሮው ደህና ነበር። ሰሌዳው ጋ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

አልነፋሁም።